ዱባ ማዕረግ ያገኘበት ጥቅምት

ፍኖተ ሰላም ከተማ ዳቦ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የግራ ቅንድቤ ተቃጠለ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት አያ ዘውዱ የምድጃውን የብረት በር ከፍቼ ሙቀቱን በእጄ እንድለካ አዘዘኝ። እኔ የቡሬ ገጠር ልጅ ነኝ፤ ምድጃ ጎንበስ ብለው የሚያዩት ነገር መስሎኝ ፊቴን አስገባሁ። አያ ዘውዱ በነጠላዬ ጎትቶ አወጣኝና፣ «እጅሽን አልኩ እንጂ ራስሽን መቼ አልኩ» አለኝ። ቅቤ ሰጥቶኝ ቅንድቤን ከቀባሁ በኋላ ወደ ቡሃቃው ላከኝ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን፣ ስልሳዎቹ ገና ብቅ ሲሉ ነው። የዳቦ ቤታችን ማዕረግ ሦስት ነበር፤ ከታች እንጨት ፈላጭ፣ መካከል አቡኪ፣ ከላይ ጋጋሪ። እኔ አቡኪ ሆንኩ። ጋጋሪው ራሱ አያ ዘውዱ ሲሆን ዳቦ የሚያስገባበትንና የሚያወጣበትን ረጅም እንጨት ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ሴት እሳት ፊት ከቆመች ዳቦው ይኮራል ይል ነበር። ዳቦ ሲኮራ ምን እንደሚመስል እስከ ዛሬ አላየሁም።

የምንጋግረው በፉርኖ ዱቄት፣ ማለት በነጭ የስንዴ ዱቄት ብቻ ነበር። ጠዋት ለሻይ ቤቶች፣ ከሰዓት በኋላ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች። ዱባ የዳቦ ቤታችንን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። በእኛ አገር ዱባ ማዕረግ አልነበረውም። አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያድጋል፣ መስከረም ሲጠባ ይደርሳል፣ በጾም ወጥ ይሆናል፣ ሲተርፍ ለጎረቤት ይሰጣል። ለክቡር እንግዳ ዱባ ያቀረበች ሴት ስሟ እስከሚቀጥለው ክረምት ይነሣል።

ዱባን ወደ ሥራችን ያመጡት የኔታ ናቸው። የኔታ የአጥቢያችን የቅኔ መምህር ሲሆኑ ለብዙ ዓመት ሆዳቸውን ታመው ኖረዋል። በዝክርና በተዝካር ዳቦ በቀመሱ ቁጥር ሆዳቸው ይነፋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ሰንብተው ይነሣሉ። ሰውነታቸው አልቆ ጋቢው ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። መድኃኒተኛው ሁሉ የየራሱን ሥር አጠጥቷቸዋል። በመጨረሻ ዘመዶቻቸው ባሕር ዳር ወስደው ለሐኪም አሳዩአቸው። ሐኪሙም ሆድዎ ስንዴና ገብስ አይችልም፣ በዕድሜዎ ሙሉ እንዳይነኩ አላቸው።

አንድ ማለዳ ዳቦ ቤት መጡና ይህን ሁሉ ነገሩኝ። ጤፍ እንደማይጎዳቸው፣ በእንጀራ መኖር እንደሚችሉ፣ ግን ዝክር ላይ ሰው ሁሉ ሲቆርስ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ እንደከበዳቸው አጫወቱኝ። «ልጄ፣ ስንዴ የሌለበት ዳቦ ትጋግሪልኛለሽ ወይ?» አሉ። አያ ዘውዱ ከምድጃው ወዲያ ሰምቶ፣ ስንዴ የሌለው ዳቦ ውኃ እንደሌለው ወንዝ ነው አለ። የኔታ የጠየቁት እኔን እንጂ እርሱን አልነበረምና ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠበቁ። እሞክራለሁ አልኳቸው።

መጀመሪያ በማሽላ ሞከርኩ። ከምድጃ ሲወጣ ዳቦ ይመስላል፤ ሲቆርሱት አፈር ይሆናል። ቀጥዬ በዳጉሳ ሞከርኩ። እርሱ ደግሞ በእጅ አልቆረስ ስላለኝ እንጨት ፈላጩ መጥረቢያውን ይዞ ሊረዳኝ ተነሣ። ነጭ ጤፍ የተሻለ ነበር፤ ግን ለብቻው ሲሆን ደረቀና ተሰነጣጠቀ። የሚያያይዘው ነገር አጣሁለት። እንቁላል እንዳልጨምር የጽጌ ጾም ገብቷል፤ የኔታም በጾም እንቁላል ከሚበሉ ስንዴ ቢበሉ ይመርጣሉ።

መላው የተገኘው ከራሴ ምሳ ነው። ዳቦው ወጥቶ የምድጃው እሳት ሲበርድ የዱባ ክፋይ አስገብቼ ነበር። ሳወጣው ውስጡ እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ ማር ማር ይላል። በማንኪያ ፍቄ በወንፊት አሳለፍኩት፣ ውኃው እንዲወርድ በሻሽ ቋጥሬ ሰቀልኩት፣ ከነጭ ጤፍ ዱቄትና ከጤፍ እርሾ ጋር ለወስኩት። ለማያያዣ ተልባ ቆልቼ ወቅጬ፣ እስኪያዝለገልግ በውኃ ዘፈዘፍኩ። ማርና ኮረሪማ ጨመርኩ። በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ በበረደው ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበስል ተውኩት።

የኔታ ቆርሰው ቀመሱና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ በእግራቸው ተመልሰው መጡ። ሆዳቸው ዝም ማለቱን፣ በሰላም አድረው መነሣታቸውን ነገሩኝ። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው ይላሉ። የሰው ሆድም እንደዚያው ኖሯል» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ትንንሽ ሙልሙል እያደረግሁ እጋግርላቸው ጀመር። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ደህና ነበር።

ቀኛዝማች አድማሱ ግን አንድ ዝክር ላይ የኔታ ከቅጠል ውስጥ የራሳቸውን ዳቦ ሲያወጡ አዩ። ቀኛዝማች ርስትም ወፍጮም ያላቸው፣ ሲያስነጥሱ ሰው ከመቀመጫው የሚነሣላቸው ጌታ ናቸው። ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ባሕር ዳር ያለ ሐኪም ያዘዘው መሆኑ ተነገራቸው። ቀኛዝማች ቅር አላቸው። ሐኪም ስም ያወጣለት በሽታ በከተማው ካለ ከአንድ የቅኔ መምህር በፊት ለእርሳቸው ሊደርስ ይገባ ነበር።

በሳምንቱ ባሕር ዳር ወርደው ተመረመሩ። አብሯቸው የሄደው አሽከር ኋላ እንዳወራው ሐኪሙ ያላቸው ሥጋና መጠጥ ይቀንሱ ነው። ቀኛዝማች ሲመለሱ ግን ስንዴ እንደተከለከሉ አስነገሩ። ከድሮም አይስማማኝም ነበር አሉ። ከድሮ ጀምሮ ዳቦ የምንልክላቸው እኛ ነን፤ ተርፎ ተመልሶ አያውቅም። ገብስን አላነሡም። ጠላ የሚጠመቀው በገብስ ብቅል ነዋ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ታመመ። ነገረ ፈጁም፣ ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም ስንዴ እንደማይስማማው አወቀ። የሚያማቸው ቦታ ግን የተለያየ ነበር። አንዱ ጸሐፊ ስንዴ የሚወርደው ጉልበቱ ላይ እንደሆነ ጉልበቱን ይዞ አስረዳኝ። አንድ ነጋዴ ሚስቱ ስንዴ ከበላች እንደምትቆጣ ነገረኝና ለእርሷ የሚሆን ሙልሙል አዘዘ። የዱባ ዳቦ የሚለው ስም ሸካራ ሆነባቸውና ኬክ አሉት።

ዱባ በአንድ ጊዜ ማዕረግ አገኘ። የቡሬና የጅጋ አጥር ተራቆተ፤ አህዮች ዱባ ተጭነው እንደ ሙሽራ ሚዜ ተከታትለው ገቡ። ትናንት ዱባዋን ለጎረቤት የምትሰጥ ሴት ገበያ ላይ ነጠላ አልብሳ፣ ሰው እንዳይነካካባት አጠገቧ ተቀመጠች። ስንዴ ጭኖ የመጣ አንድ የገጠር ሰው የሚገዛው አጥቶ በራችን ላይ ቆመና፣ «ስንዴያችን ምን በደለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምንም እንዳልበደለ፣ የታመሙት ሰዎቹ እንደሆኑ ነገርኩት።

አያ ዘውዱ ውኃ የሌለውን ወንዝ ረስቶ የኬኩ ጌታ ሆነ፤ የኬኩንም ሊጥ ማታ ማታ ራሱ ያቦካ ጀመር። ነገር ግን ባለ ማዕረጎቹ ኬኩ ጠፍጣፋ ነው፣ እንደ ዳቦ አይነፋም እያሉ ያማርራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ቡሃቃው ውስጥ ያለውን ሊጥ ልከፋፍል እጄን ስሰድ ሊጡ ተከትሎኝ መጣ። ሳብኩት፤ እንደ ሙጫ ተለጠጠ። የጤፍና የዱባ ሊጥ ይቆረሳል እንጂ አይለጠጥም። አያ ዘውዱን ጠየቅሁት። ትንሽ ፉርኖ ዱቄት መጨመሩን፣ ለመንፋት ያህል ብቻ መሆኑን አልሸሸገኝም። ከሰነበተም ሰንብቷል፣ ማንም አልታመመም አለኝ። እንዲያውም ቀኛዝማች ሆዳቸው እንደዚህ ተስማምቶት እንደማያውቅ መልእክት ልከውለታል።

«የኔታስ?» አልኩት።

«የየኔታን ለብቻው አንቺ ጋግሪ። ለሌላው አትጨነቂ፤ ሌላው ሆዱን የሚያመው በወሬ ነው።»

ዕቃ ለየሁ። ለየኔታ አዲስ ወንፊትና ትንሽ ገበታ ከቤቴ አምጥቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። በዚያ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል የማኅሌተ ጽጌው ተረኛ ደጋሽ ቀኛዝማች ሆኑና ካህናቱን ከቅዳሴ በኋላ አዳራሻቸው ጋበዙ። የዱባው ኬክ ቀድሞ ሄደ። እኔ የየኔታን ሙልሙል በኮባ ጠቅልዬ ለብቻው ይዤ ተከተልኩ። ስገባ ቀኛዝማች ከራሳቸው ሰሐን ቆርሰው የኔታን በእጃቸው እያጎረሱ ነው። የእርስዎና የእኔ ሆድ አንድ ዓይነት ነው፣ ከእንግዲህ ቅጠል ይዘው እንዳይመጡ ይሏቸዋል። የጌታ ጉርሻ አይመለስም። የኔታ አንዱን ውጠው ሁለተኛው አፋቸው ውስጥ ነበር።

አያ ዘውዱ በሩ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ብናገር ሥራዬ እንደሚሄድ ዐውቃለሁ። ቡሬ ተመልሼ የምገባበት ቤትም አልነበረኝም። ግን እኒያን ሰው ጋቢያቸው ብቻውን ሲሄድ አይቻለሁ። በእንግዶቹ መካከል አልፌ ፊታቸው ቆምኩ።

«የኔታ፣ ይተዉት። ስንዴ አለበት።»

የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው የጎረሱትን አወጡ። ቀኛዝማች ግን የራሳቸው ጉንጭ ሞልቶ ነበር። ቢውጡት ስንዴ ነው፤ ቢተፉት እስካሁን የበሉት ሊጠየቅ ነው። ጥቂት ይዘውት ቆዩና ዋጡ። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ነገረ ፈጁ አያቸውና የራሱን ሆድ ያዘ። ጸሐፊው ጉልበቱን ያዘ። ግብዣው በዚሁ ተፈታ።

በማግሥቱ ከተማው አልጋ ላይ ዋለ። ባለ ጉዳይ ደጅ ለደጅ ተቀምጦ የሚያነጋግረው አጣ። አያ ዘውዱ ሁለተኛ ዳቦ ቤቱን እንዳልረግጥ ነግሮኝ ስለነበር እኔ የኔታ ጎጆ ዋልኩ። የእርሳቸው ሕመም የእውነት ነበር። ውኃ እንኳ አልረጋላቸውም፤ ደቀ መዛሙርቱ ከደጅ ቆመው ያለቅሳሉ። የተልባ ውኃና ቀጭን የጤፍ አጥሚት በማንኪያ እየሰጠሁ ሰነበትኩ። ትንሽ ሲሻላቸው ስለ ከተማው ሕመም አወራኋቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ስንዴ ከእንክርዳድ ሲሸሽ እንሰማ ነበር። እንክርዳድ ከስንዴ ሲሸሽ አሁን ገና ሰማን» አሉ። ሳቃቸው ሆዳቸውን አሳመማቸው።

ያን ሰሞን የቀኛዝማች ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ጎጆው መጡ። ምግብ ለየኔታ ይዘው የመጡ መስሎኝ ነበር፤ የመጡት ግን ለመላ ነው። ቀኛዝማች ለክብራቸው ሲሉ ከተኙበት አልነሣ ማለታቸውን፣ ሰው ፊት ውኃ ብቻ እየጠጡ፣ በጓዳ በር ገረዲቱን ልከው የስንዴ ዳቦ እያስገዙ መሆናቸውን ነገሩኝ። «እስከ መቼ አልጋው ላይ ፍርፋሪ እያራገፈ ይኖራል? የኔታ አንድ ነገር ይበሉት» አሉ። የኔታ አሰቡና፣ ከስንዴ የመጣ ሕመም በጠበል እንደሚለቅ ባይሰሙም፣ ከወሬ የመጣው ግን እንደሚለቅ ነገሯቸው።

ቀኛዝማች ጠበል ተጠምቀው በዚያው ቀን ዳኑ። ነገረ ፈጁም፣ ነጋዴውም፣ የጸሐፊው ጉልበትም በዚያው ጠበል ዳነ። ዱባ ወደ አጥሩ፣ ስንዴ ወደ ገበያው ተመለሰ። የኔታም ተጠመቁ፤ እርሳቸው ግን አልዳኑም። በሽታቸው ጠበሉን ከሚያከብሩት ወገን ስላልነበረ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስንዴ አልቀመሱም።

ቀኛዝማች ስንዴ በልተው የተረፉበትን ምክንያት ማስረዳት ነበረባቸውና፣ ያቺ አቡኪ ባትናገር ኖሮ ሞቼ ነበር ብለው በአደባባይ አወሩ። ነፍስ ያዳነች ሴት ቡሃቃ ላይ መዋሏ ነውር ነው አሉ። አያ ዘውዱ አስጠርቶኝ ያን ረጅም እንጨት እጄ ላይ አስቀመጠ። ጋጋሪ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው። በሙያዬ ነው ብዬ ላወራላችሁ እችል ነበር፤ የሆነው ግን እንደዚህ ነው።

ጡረታ እስክወጣ ብዙ ጌቶች፣ ብዙ ዓይነት ሆድ አይቻለሁ። በእሳት ፊት ለምትቆሙ ልጆች የምለው አጭር ነው። የበሽተኛ ዳቦ በታጠበ ዕቃ፣ ለብቻው፣ ከሁሉ በፊት ይጋገር። የባለ ማዕረጉ ቢዘገይ ማንም አይታመምም።