ሦስት ጊዜ እስኪለምኑኝ ስጠብቅ

ትናንት ቴል አቪቭ፣ የፕሮግራመሮች ስብሰባ ላይ፣ በገዛ አፌ ዕድሌን ልዘጋው ነበር...

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስብሰባ የተከታተልኩት አሽቀሎን ቤቴ ሆኜ በኦንላይን ነው። ካሜራዬ ዝግ፣ ድምፄም ዝግ። ጥያቄ ሲኖረኝ እጽፋለሁ፣ ይመልሱልኛል። ኮድ የተማርኩት ልጄ ከጣለችው ደብተርና ከነፃ ቪዲዮ እየለቃቀምኩ ስለሆነ ፊቴን ማሳየት አልደፍርም ነበር።

ዘንድሮ ግን የማሳየው አለኝ። ከጤና መድን ድርጅታችን፣ ከኩፓት ኾሊም፣ በዕብራይስጥ የሚላከውን የሐኪም ቀጠሮ በአማርኛ ድምፅ የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም እነሱኑ በጽሑፍ እየጠየቅኩ ሠርቻለሁ። እናቴ ትጠቀምበታለች። ለሌሎች እናቶችም እንዲደርስ ግን አብሮኝ የሚሠራ ሰው ያስፈልገኛል። ስለዚህ ባቡር ተሳፍሬ በአካል ሄድኩ።

በር ላይ ስሜን ስነግራት አዘጋጇ ኖዓ ጮኸች።

«የአሽቀሎኗ አንቺ ነሽ እንዴ! የቀጠሮው ፕሮግራም! ስሚ፣ አንድ ተናጋሪ ቀርቶብናል። አምስት ደቂቃ አለ፣ ታሳዪናለሽ?»

ልቤ በደስታ ዘለለ! አፌ ግን... «አይ፣ ይቅር፣ ለሌላ ሰው ስጡት» አለ።

እኛ ቤት ወጉ እንዲህ ነው። ሲጠይቁሽ እምቢ ትያለሽ። ሲደግሙሽም እምቢ። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ...» ትያለሽ። እኛ ገና አንደኛው ላይ ነበርን።

«በሴደር!» አለችኝ ፈገግ ብላ፤ እሺ ማለቷ ነው። ከኋላዬ ወደቆመው ቁምጣ ለባሽ ዞር አለች። «አንተስ?»

«እሺ» አለ። በቃ፣ አለቀ።

ገብቼ ተቀመጥኩ። እንባዬ ቀርቧል። አጠገቤ የነበረች ወጣት፣ የእኛው ልጅ፣ አየችኝ።

«እትዬ፣ አሞዎት ነው?»

ነገርኳት። ሳቋን በእጇ አፈነችው።

«ልክ እንደ እናቴ! እትዬ፣ እዚህ እኮ አይለምኑም። አይ ካሉ አይ ነው። ሄጄ ልንገርልዎት?»

«ተይ፣ ነውር ነው።»

«ይኸው! አሁንም እምቢ አሉ!»

ቁምጣ ለባሹ ተናግሮ ጨረሰ። ኖዓ «ጥያቄ ያለው?» ስትል እጄን ተነሥቶ አየሁት። ማን እንዳነሣው እንጃ...

«ጥያቄ አይደለም» አልኩ። «ቅድም አይ ያልኩሽ... እስክትለምኚኝ ብዬ ነው። ማሳየት እፈልጋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኖዓ ግንባሯን መታ አድርጋ «ነይ፣ ነይ! እየለመንኩሽ ነው!» አለች።

መድረክ ላይ ወጥቼ አሳየሁ። አማርኛው በድምፅ ማጉያው ሲያስተጋባ ያቺ ልጅ እልልታዋን አቀለጠችው! ከመድረክ ስወርድ የጠበቀኝ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቁምጣ ለባሹ።

«አያቴ ከሩሲያኛ በቀር አትሰማም። ፕሮግራሙን አብሬሽ ብሠራው...»

«እሺ!» አልኩት፣ ሳላስጨርሰው።

ኦንላይን ሁለት ዓመት ብዙ ትምህርት ሰጠኝ፤ የሥራ ባልደረባ ግን ያገኘሁት በአንድ ቀን ነው።

በአካል ለመሄድ ላሰባችሁ እህቶቼ... ባቡር ጣቢያው በር ላይ የሚፈተሸው ቦርሳ ብቻ ነው፤ ይሉኝታችሁን ግን ፈትሾ የሚያስቀርላችሁ የለም፣ ቤት ትታችሁት ውጡ።