አድሚራሉ ያሳደጋት ልጅ

ኤጭ! እንደዚያ አድሚራል የሚያስጠላኝ ፍጡር የለም። ሰው እንኳን አይደለም፣ ስዕል ነው። የባህር ወንበዴዎችን ታሪክ በሚተርክ ማንጋ፣ የጃፓን የስዕል መጽሐፍ ውስጥ ያለ የባህር ኃይል አዛዥ ነው። ንዴቴ ግን የእውነት ነበር።

ማንጋውን የምንከታተለው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና የድሮ የዶርም ጓደኛዬ። እኔ ተመርቄ እዚያው የተማርንበት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያዝኩ፤ እሱ ከሁለተኛ ዓመት አቋርጦ መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ ይነዳል። አዲስ ምዕራፍ በወጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አንድ ጁስ ቤት እንገናኛለን። እንግሊዝኛው አያቅተውም፣ ግን “አንተ ስታወራው ይጥማል” ይለኛል። ዶርም እያለንም እንደዚሁ ነበርን። እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በአማርኛ እተርካለሁ፣ እሱ መኮሮኒ እያማሰለ ይሰማል።

ባለፈው ወር የአድሚራሉ የተደበቀ ታሪክ ወጣ። ወጣት ወታደር ሳለ አንዲት ደሴት ላይ የቆሰሉ ወንበዴዎችን ጎተራ ውስጥ ይደብቃል። አለቃው ወንበዴዎቹን አግኝቶ “ማነው የደበቃቸው?” ሲል፣ ጣቱን ወደ አንድ ዓሣ አጥማጅ ይቀስራል። ሰውየውን ሰቀሉት። እሱ ደግሞ የሟቹን ሕፃን ልጅ ወስዶ አሳደጋት። አሁን አድጋ መኮንን ሆናለች፣ በሥሩ ታገለግላለች፣ “አባቴ” ትለዋለች። ምዕራፉ ሲያልቅ መርከቡ ላይ ብቻውን ቆሞ ያለቅሳል።

የአንባቢዎቹን አስተያየት ከፈትኩ። “አንጀቴን በላው!” “ምስኪን፣ ምን ያድርግ፣ ልጅ ነበር እኮ!” ሁሉም ያለቅስለታል። ስለ ዓሣ አጥማጁ ትንፍሽ ያለ አንድ ሰው የለም።

“ይሄ ውሻ!” አልኩ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ እየወረወርኩ። “አስገድሎ ደግሞ አባት ይሆናል!”

“ምነው ጃል፣ ስዕል እኮ ነው” ብሎ ሳቀብኝ።

የኔው ታሪክ ግን ስዕል አልነበረም። ሁለተኛ ዓመት ሳለን ዶርም ውስጥ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ክልክል ነበር። ከቤት ደብቄ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ስድስታችንም እንበላበት ነበር። አንድ ቀን የሕንፃው የመብራት መስመር ተቃጠለና የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ በየክፍሉ ሲፈትሽ ስቶቩን አልጋ ሥር አገኘው። የዶርሙ ተጠሪ ስለነበርኩ ቢሮ ጠርቶ “የማን ነው?” አለኝ። የጓደኛዬን ስም ጠራሁ። አልዛተብኝም፣ አልጮኸብኝም። እስክሪብቶውን ይዞ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፤ በቃ።

ከዶርም አስወጡት። ታቦር ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራየ፣ ለኑሮው ብሎ ባጃጅ መንዳት ጀመረ፣ ክላስ መቅረት አበዛ፣ በዚያው ቀረ። የወጣ ዕለት ፍራሹን ተሸክሜለት ደረጃውን ወረድኩ። “አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር” አለኝ። “ኧረ ተው” አልኩት። ምን ዓይነት አፍ ነው “ኧረ ተው” የሚለው?

እሱ ጠቁሞብኛል ብሎ የጠረጠረው ከጎኑ ይተኛ የነበረውን ልጅ ነው፤ ስቶቩ ላይ የምናቁላላው ሽንኩርት ሽታ አላስተኛ አለኝ እያለ ሁሌ ያማርር ስለነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ያንን ልጅ መንገድ ላይ ቢያገኘው እንኳ ሰላም አይለውም። ለሠርጉ ጠርቶት አልሄደም። እኔ ግን ሄጄ ጥሬ ሥጋ ስቆርጥ ዋልኩ። ሆዴ እንዴት እሺ አለኝ?

“የአድሚራሉ ልጅ አወቀች?” አለኝ ስፕሪሱን በማንኪያ እያማሰለ።

“ገና ናት።”

“ይንገራት እንጂ! ማልቀሱን ይተወው። እሷ እኮ ‘አባቴ’ እያለችው ነው።”

ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

“ስቶቩ የኔ ነበር” አልኩት። “ስምህን ለፕሮክተሩ የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ማንኪያውን አስቀመጠ።

“ፍራሹን ስትሸከምልኝ?”

“አውቅ ነበር።”

ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። እነዚያ አንባቢዎች ለአድሚራሉ ያሉትን ለራሴ ልለው ነው! አፌን ዘጋሁ። እንባዬም ሊመጣ ሲል ያንን እንባ ይበልጥ ተጸየፍኩት።

ተነስቶ ወጣ። ባጃጁ ደጅ ላይ ቆማለች። አስነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን አጠገቧ ቆሞ ስልኩን አወጣና ደወለ። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማኛል። የደወለው ለዚያ ለሽንኩርቱ ልጅ ነው። ቁጥሩን እስከ ዛሬ አላጠፋውም ኖሯል።

“ወንድሜ፣ እኔ ነኝ” አለ። “ለሠርግህ ሳልመጣ የቀረሁት… በጣም አጥፍቻለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ።”

ከዚያ ባጃጁን አስነስቶ ወደ መናኸሪያ ታጠፈ። ወደ እኔ አልዞረም። ስፕሪሱን ከግማሽ በላይ ትቶታል።