የሻይ ተሸካሚው ወንበር

ዮታም ንጆቩ አስራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ እያየ የኖረ ሰው ነው። ቀልድ አይደለም። በሉዋንግዋ ወንዝ ዳር፣ እንግዳን በእግር እየመራ አውሬ በሚያሳይ ካምፕ ውስጥ ሥራው ሻይ መሸከም ነበር። ሰልፉ መቼም አይለወጥም፤ ከፊት ጠመንጃ ያዡ፣ ቀጥሎ አስጎብኚው፣ ከዚያ እንግዶቹ፣ ከሁሉም ኋላ ማንቆርቆሪያውንና የብስኩቱን ቆርቆሮ ያዘለው ዮታም። አስጎብኚው የሚናገረው እሱ ዘንድ እስኪደርስ ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል። የኋላ ሰው አይናገርም። ከኋላ አደጋ ካየ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ያፏጫል፣ በቃ። እንግዶቹን በተረከዛቸው እንጂ በፊታቸው አያውቃቸውም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሻይ ሲቀዳላቸው እንኳ ዓይናቸው ዝሆኑ ላይ ነው።

ሚስቱ ኤስናርት ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለዱም። ካምፑ ውስጥ መቼም ሰው ሞልቷል፤ «ዮታም፣ ደከመህ እንዴ?» የሚለው ግን አልነበረም። ክፉዎች ሆነው አይደለም። ኋላ የሚሄድ ሰው አይታይማ!

አስጎብኚ ልሁን ያሰኘው አንድ ጎሽ ነው። በበጋ አንድ ጠዋት፣ ከመንጋው የተለየ ሽማግሌ ጎሽ ከሣሩ ውስጥ ብቅ ብሎ በሰልፉና በዮታም መካከል ገባ። ዮታም ሁለት ጊዜ አፏጨ። ማንም አልዞረም። ደገመ። ዋናው አስጎብኚ ፊሊሞን ስለ አንዲት ወፍ የሚያስቅ ነገር እያወራ ኖሮ፣ ሰዎቹ ተሳስቀው መንገዱ ሲታጠፍ አብረው ታጠፉ። ዮታም ማንቆርቆሪያውን እንዳዘለ ከአንድ ኩይሳ ጀርባ ሩብ ሰዓት ቆመ። ጎሹ ሲያናፋ ይሰማዋል። አውሬው በስንት ጊዜው ሲሄድለት ዱካቸውን ተከትሎ ትልቁ ሾላ ሥር ደረሰባቸው።

«የት ጠፋህ አንተ? የእንግዶቹ ጉሮሮ ደረቀ እኮ!» አለው ፊሊሞን።

ዮታም እሳቱን አቀጣጠለ። በሆዱ ግን ማለ። እኔ ከፊት የሆንኩ ዕለት ማንንም ጥዬ አልሄድም፣ እቆጥራለሁ አለ።

የአስጎብኚነቱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ሁለቴም በጽሑፉ። ወፏን በድምፅዋ ብቻ የት ቅርንጫፍ ላይ እንዳለች የሚነግርህ ሰው፣ ስሟን በመጽሐፍ ቋንቋ ጻፍ ሲሉት እጁ ይተሳሰራል። የካምፑ ኃላፊ ጠራውና፣ «ዮታም፣ አርባ ስድስት ዓመትህ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልላክህ። ካልሆነ ግን ማንቆርቆሪያህን ይዘህ በሰላም እንኑር፤ ተስማማን?» አለው። ተስማማ፤ ምን ምርጫ ነበረውና!

ኅዳር ላይ ዝናቡ ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ካምፑ ተዘግቶ ሰው ሁሉ ወደየመንደሩ ይበተናል። አንድ ጠባቂ ብቻ ይቀራል። ሰው የሚሸሸው ሥራ ነው፤ ዮታም ግን «እኔ ልቅር» አለ። ሊያጠና ነዋ! መጻሕፍቱን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ የበቆሎ ዱቄትና የደረቀ ዓሣ አስቀምጦ ለአምስት ወር ብቻውን ቀረ። ጠዋት የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሲማውን፣ አማስሎ ይበላል፣ ያነባል፣ ዝናቡ ሲያባራ ወጥቶ ዱካ ያያል፣ ተመልሶ ያነባል።

የመጀመሪያው ወር ደህና ነበር። በሁለተኛው ዝምታው አናቱ ላይ ወጣበት። አንድ ቀን ስድስት የእንግዳ ወንበር ከመጋዘን አወጣና ዳሱ ሥር ደረደረ። ፊታቸው ቆመና፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ!» አለ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው። ለሦስት ቀን ከአፉ ቃል አልወጣም ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ወንበሮቹ ጠባይ አወጡ። መደገፊያዋ የተሰበረው ወፍ ብቻ የምታሳድድ አሮጊት ሆነች። ሰፊው ወንበር «አንበሳው ይነክሳል?» እያለ የሚጨቀጭቅ ሐኪም ሆነ። ዮታም ለአሮጊቷ ያቺን ቀይ ንብ በል ወፍ ያሳያታል፣ ሐኪሙን ይቆጣዋል። ከኋላው የሚከተሉት ይመስል በካምፑ ዙሪያ ይሄዳል፤ ተመልሶ ፊታቸው ይቆምና ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ሁሉም አሉ። የት ይሄዳሉ!

ፊሊሞን በወር አንድ ጊዜ በታንኳ ስንቅ ያመጣለታል። ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፤ ገና ሳይወርድ ጮኸ።

«ወንድምዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ሳትነግረን አገባህ እንዴ?»

«ዝም በል፣ እንግዶች ይዣለሁ። ዝሆን እያሳየኋቸው ነው።»

ፊሊሞን ወንበሮቹን አየ፣ ዮታምን አየ፣ ሳቁ ወንዙን ተሻገረ። «በል እንግዲህ ያቺን ሰባራዋን አግባት። ቢያንስ አትመልስልህም!» አለና ዱቄቱን እያወረደ፣ «ስድስት ብቻ ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

«እንግዳ ከስድስት አይበልጥም፤ ደንብ አይደል?»

«እሱስ ደንብ ነው።»

ታንኳው ሲመለስ ዮታም ዳር ቆሞ እስኪሰወር አየው። ልጥራው እንዴ አለ፤ ምን ብሎ? ጨው ረሳህ ብሎ? ጨው አምጥቶለታል።

ግንቦት ላይ ጽሑፉን አለፈ። ያውም በጥሩ ውጤት! የቀረው እንግዳ በእግር የመምራቱ ፈተና ነበር። ፈታኟ ወይዘሮ ቺሉፍያ ነገር የማያበዙ ቀጭን ሴት ናቸው። እሳቸውና ከቢሮ ያመጧቸው አምስት ሰዎች እንግዳ ሆኑ፤ ጠመንጃ ያዥ ከፊት ቆመ። ሻዩን እንዲሸከሙ ከጎረቤት ካምፕ ባምቦ ሌመካኒ ተጠሩ፤ «ባምቦ» በአገሩ ቋንቋ «አባባ» እንደ ማለት ነው። ስልሳ ያለፋቸው፣ እንደ ዮታም ዕድሜያቸውን ከኋላ የሄዱ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ አንተ ከፊት ነህ» አሉት ማንቆርቆሪያውን እያዘሉ። «ኮራሁብህ፣ እውነቴን ነው።»

ዮታም ያን ዕለት የሄደውን ያህል ማን ሄደ! የሴት አንበሳ ዱካ ላይ ተንበርክኮ፣ ጤዛውን ረግጣ ማለዳ ማለፏን፣ ግራ የኋላ እግሯን ማነከሷን ተናገረ። ጥቂት እንደ ሄዱ ግልገሏን የያዘች ዝሆን አዩ። የንፋሱን አቅጣጫ ለማየት ከአመድ ከረጢቱ ቆንጥሮ በተነ፤ ንፋሱ ወደ እሷ ዞሯል። እጁን አነሳ፣ ሁሉም ቆሙ። በእጁ ብቻ እያዘዘ ወደ አሸዋማው ደረቅ ወንዝ አወረዳቸው፣ አዙሮም በወዲያ ማዶ አወጣቸው። ሲወጡ ዞሮ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ደስታው ሊያፍነው ደረሰ። ፊሊሞን ያላደረገውን አደረገ፣ ቆጠረ!

ትልቁ ሾላ ሥር ሲደርሱ ወይዘሮ ቺሉፍያ ቆሙ።

«ሰው ጎድሎብሃል?»

«አንድም አልጎደለም። ከወንዙ ስንወጣ ቆጥሬያችኋለሁ፤ ስድስታችሁም አላችሁ» አለ አፉን ሞልቶ።

«መልካም። እንግዲያው ሻይ ይቅረብልን።»

ዮታም ወደ ኋላ ዞረ። ከስድስተኛው ሰው በስተጀርባ ባዶ መንገድና ሣር ብቻ ነበር።

ፈታኟ ጠዋቱኑ አዘዋቸው ኖሮ፣ ባምቦ ሌመካኒ ወደ ደረቁ ወንዝ ሲወርዱ ከሰልፉ ወጥተዋል። አደጋ እንዳይደርስባቸው ሌላ ጠመንጃ ያዥ ቀድሞ እዚያ ተሸሽጎ ይጠብቃቸው ነበር። ዮታም ሰዎቹን መርቶ ተመለሰ። ሽማግሌው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንቆርቆሪያው ጭናቸው ላይ ነው።

«አፏጨሁልህ ልጄ» አሉት። «ሁለት ጊዜ።»

ዮታም ግንዱ ሥር ተንበረከከ።

«ኧረ ተወው! እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ሊያጽናኑት ነበር፣ የዋህ ሰው ናቸው። ዮታም ግን በሕይወቱ እንዲህ የሚያም ነገር ሰምቶ አያውቅም።

«ዱካ እንዳንተ የሚያነብ ዘንድሮ አላየሁም» አሉት ወይዘሮ ቺሉፍያ። «ግን አውሬ ባለበት ሰው ጥለህ ሄደሃል። አላሳልፍህም።»

«እኔም ብሆን ራሴን አላሳልፍም» አለ ዮታም። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን ከሽማግሌው ተቀብሎ ራሱ አዘለው። ወደ ካምፕ ሲመለሱ እሱ ነበር ኋለኛው።

ፊሊሞን ወሬውን ሲሰማ በጣም ተናደደ፣ ወዳጁ ነዋ። «ለሻይ ተሸካሚ ብለው ጣሉህ? ዓይናቸውን በጨው አጥበው! እሱን ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

ዮታም ትክ ብሎ አየው። «ማንም» አለ።

ያ በጋ እንደ ሌላው በጋ አለፈ፤ ማንቆርቆሪያ፣ ተረከዝ፣ ጀርባ። ኅዳር ሲመጣ ዮታም ዘንድሮም ልጠብቅ አለ። ኃላፊው ገረመው። «አሁን ደግሞ ምን ልታጠና?» ቢለው፣ «ለምጄዋለሁ» አለና ደነገጠ፤ የባምቦ ሌመካኒ ቃል ከአፉ ወጥቶ ነበር።

የመጨረሻው መኪና ጭቃውን እየረጨ ከሄደ በኋላ ስድስቱን ወንበሮች አውጥቶ እንደ ቀድሞው ደረደረ። ጥቂት አሰበና ከማዕድ ቤት አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አመጣ፤ ከሁሉም ኋላ፣ ራቅ አድርጎ አስቀመጣት። ማንቆርቆሪያውን ላይዋ አደረገ። ከዚያ ከፊት ቆሞ ቆጠረ። ስድስት ላይ ሲደርስ ወደ በርጩማዋ አሻግሮ አየና «ሰባት» አለ።

ሰላምታ ሳይሰጥ፣ አሮጊቷንና ሐኪሙን አልፎ እስከ በርጩማዋ ድረስ ሄደና ጎንበስ አለ።

«ዮታም፣ ደከመህ እንዴ?» አላት።

ዝናቡ የዳሱን ሣር መምታት ጀመረ። ዮታም እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ኤስናርትን ከቀበረ ወዲህ አልቅሶ አያውቅም ነበር። ሲወጣለት ተነስቶ እሳት አቀጣጠለ፣ ሻዩን አፈላ፣ የመጀመሪያውን ኩባያም ለበርጩማዋ ቀዳ።