ሎግ የሚተረጉመው የኔታ

መሥሪያ ቤታችን ፋሲሎ ሰፈር ነው፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም እንሠራለን። ደንበኛ ፊት የቴክኖሎጂ ድርጅት ነን፤ ደንበኛው ደረጃውን ሲወርድ ግን ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያጓራ ጄኔሬተርና ሲነታረኩ የሚውሉ ጥቂት ሰዎች ነን። ከተነታራኪዎቹ አንደኛዋ እኔ ነኝ ይላሉ። ስም ማጥፋት ነው።

ከመካከላችን አንዱን «የኔታ» እንለዋለን። እንዲህ ሲባል ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ። ጂንስ የሚለብስ፣ በብስክሌት የሚመጣ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ እኩያዬ ነው። ብቻ ልጅ ሆኖ የአብነት ትምህርት ቤት ገብቶ ነበርና አንድ አመል ይዞ ወጥቷል፤ ማናቸውንም ጽሑፍ ሲያገኝ መጀመሪያ ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ቀጥሎ ይተረጉመዋል። የምግብ ዝርዝርም ቢሆን። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ምሳ ልንበላ ተቀምጠን «የዓሣ ጉላሽ» የሚለውን አነበበና «ይህን ሲል ምን ማለቱ ነው?» ብሎ ሲጀምር አስተናጋጁ ጥሎን ሄደ።

ሥራ ላይ ግን ይኸው አመሉ ነው ጌታ ያደረገው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማንኛችንም የጻፍነውን ኮድ ስንልክ አንድ ሰርቨር ይቀበልና ይገጣጥመዋል፣ ይፈትነዋል። ይህን ቢልድ እንለዋለን። ሰርቨሩ ያደረገውን ሁሉ በየመስመሩ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ሎግ ይባላል። ቢልዱ ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ የሚታወቀው ሎጉ ተነቦ ነው። የሚያነበው ሰው ከተገኘ።

አይ ሎግ! ልክ እንደኛ አገር ሰላምታ ነው። የገጠር ዘመድ መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ ከብቱን፣ ልጁን፣ አዝመራውን፣ የጎረቤቱን ጤና ጠይቆ ሲያበቃ «ለካስ ቤታችሁ ተቃጥሏል» እንደሚል፣ ሎጉም ሺህ መስመር ሙሉ «ይህን አወረድሁ፣ ያንን ገለበጥሁ፣ ደኅና ነኝ» ሲል ይቆይና መከራውን መሃል ላይ ሹክ ብሎ ያልፋል። ከዚያ ተመልሶ ደኅና ነኝ ማለቱን ይቀጥላል። ገጹ ከመርዘሙ የተነሣ ስንከፍተው ኮምፒውተሩ ደርቆ ይቀራል። ስህተቱን በቀለም ሊያሳይ የሚገባው ምልክት ሁሉ ቅንፍና ቁጥር ሆኖ በየመስመሩ ላይ ተበትኗል። አንዱ ስህተቱን ሲያገኘው ለሌላው የሚነግረው «እዚያ ታች፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ ከረጅሙ አጠገብ» እያለ በእጁ ነው።

ስለዚህ የኔታን እንጠራለን። ወንበር ይሳብለታል። መስመሩን ያገኝና በእንግሊዝኛ ያነበዋል፤ ዜማው ግን የዳዊት ነው። ከዚያ ከወገቡ ወዝወዝ እያለ፣ «ይህን ሲል ምን ማለቱ ነው? አንድም ኢንተርኔቱ ሄዷል፤ አንድም የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል፤ አንድም ከእናንተ አንዱ ያልተነገረውን ነክቷል» ይላል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ እኔ ላይ ያርፋል። የሚያናድደው ደግሞ ከሦስቱ አንዱ ሁልጊዜ ልክ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው።

እንግዲህ ይህ ሰው ሊያገባ ሆነ። እጮኛው መሸንቲ ከተማ አስተማሪ ናት፤ ቆንጆ፣ ቁጡ፣ ቃሏ የማይታጠፍ። ከእሱ ጋር የተጣላችበት አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ስልክ። ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ቢልድ ይወድቃል፣ እንደውላለን። ወላጆቿን ሊጠይቅ ሲሄድ ይወድቃል፣ እንደውላለን። አለቃችን በጎ ሰው ናቸው፤ ግን ስክሪን ላይ ቀይ ነገር አይተው ካልደወሉ ያማቸዋል። የቀለበቱ ዕለት ቀለበቱ ጣቷ ግማሽ ላይ ሲደርስ የእሳቸው ጥሪ ገባ። የኔታም አነሣ! ቀለበቱን እዚያው ግማሽ መንገድ ላይ ትቶ፣ ዘመድ አዝማድ እያየው፣ «የመጨረሻውን መስመር ያንብቡልኝ» አለ። ቪዲዮው አለ። የልጅቱ እናት ፊት ላይ ያየሁትን ግን ልናገረው አልችልም።

በሳምንቱ እጮኛው ራሷ ቢሮ መጣች። እሱ ለባንክ ጉዳይ ወጥቶ ነበር፤ መውጣቱን ሳትጠብቅ አልቀረችም። በር ላይ ቆማ ስታየን ሳናስበው ሁላችንም ተነሣን፤ አለቃችን ሳይቀሩ። «እኔ የማገባው እሱን ነው ወይስ ሰርቨሩን?» አለች። «በሠርጌ ቀን ስልኩ ከጮኸ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቬሎዬን ሰብስቤ አባቴ ቤት እመለሳለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ሴት ነሽ፤ ይገባሻል። አደራ።»

አደራ! ሌላ ቃል ጠፍቷት ነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ስቀምስ ጣዕሙ አልታወቀኝም። ምክንያቱም ሠርጉ በጥር፣ እሑድ ነው፤ አለቃችን ደግሞ አዲሱን ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት ለመድኃኒት ቤቶቹ ልናስረክብ ቃል ገብተዋል። እሑድ ቢልዱ እንደሚወድቅ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ርክክቡን ማክሰኞ ያድርጉት» አልኋቸው።

«ቃሌንስ?» አሉ።

«የእሷስ ትዳር?»

«እሱም ቃል ነው» አሉና ሁለቱንም ለእኔ ትተው ወደ በረንዳው ወጡ።

የቀረ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ሎጉ እኛ ማይሞቹም የምናነበው እንዲሆን ማድረግ። ተያያዝሁት። እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ አጠፍሁና አንድ አንድ መስመር አደረግሁት፤ ደኅና የሆነው አረንጓዴ ምልክት ይዞ ዝም ይላል፣ የወደቀው ብቻ ራሱ ተከፍቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። ገጹ አንድ ላይ ከመጫን ይልቅ ቁልቁል በሄድን ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን ያመጣል። ያንን የተበተነ ቅንፍ ጠርጌ ወደ ቀለምነቱ መለስሁት። ለየመስመሩም ቁጥር ሰጠሁት፤ ከእንግዲህ «ከረጅሙ አጠገብ» የለም፣ ቁጥሩን ነክቶ አድራሻውን መላክ ነው።

የኔታ መጥቶ አየው። ከንፈሩን መጠጠ።

«ሎግ እንዲህ ተቆራርጦ አይነበብም። ከመጀመሪያው ነው የሚነበብ።»

«ዕድሜ አይበቃንማ!»

«ትዕግሥት ነው ያጣችሁ፣ ዕድሜስ አላችሁ።»

ኩርፊያው ገብቶኛል። ሰው ሁሉ ካነበበ የኔታ ለምን ያስፈልጋል? ቢሆንም ሠርጉ የራሱ ነው፣ እኔ ልለምነው? ተናደድሁ። ከዚያ አንድ ነገር መጣልኝና «እሺ፣ ንባቡን እኔ ላሳየው፤ ትርጓሜውን ግን ማን ይጽፈዋል?» አልሁት። በየቀዩ መስመር ሥር፣ የታወቀ ስህተት ከሆነ፣ የእሱ ሐተታ በአማርኛ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ብስክሌቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ሲመጣ ሃያ ዓመት ያስተማረ ይመስል ነበር።

ጻፈ። አበስኩ ገበርኩ፣ እንዴት ያለ አጻጻፍ! «ቦታ የለም» ለሚል አንዲት መስመር የጻፈው ሐተታ ከሎጉ ሊበልጥ ምንም አልቀረው። ሎጉን ላሳጥር ተነሥቼ የእሱን ትርጓሜ ማጠፍ ያዝሁ። በየሐተታው መጨረሻ ላይ ደግሞ ሳያፍር «አንድም ይደወልልኝ» ብሎ ይዘጋል። እሰርዘዋለሁ፤ ስመለስ ተጽፏል። እሰርዘዋለሁ፤ ተጽፏል።

«አንተ ሰው፣ ሙሽራ አይደለህም እንዴ?»

«ለጥንቃቄ ነው» ይላል፣ ዓይኔን ሳያይ።

ሠርጉ ደረሰ። ባልደረቦቼ በሙሉ ሚኒባስ ይዘው ወደ መሸንቲ ሄዱ። እኔ፣ ሠርግ ሲባል ጎረቤት የምቀድም ሰው፣ አዲሱን የሐበሻ ቀሚሴን እንደለበስሁ ቢሮ ቀረሁ፤ ከሰዓት ሥራው ካለቀ እደርሳለሁ ብዬ። ከእኔ ጋር የቀሩት አለቃችን ናቸው። ገና ሲገቡ እጄን ዘረጋሁ።

«ስልክዎን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ አልደውልም።»

«አውቃለሁ፤ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

ሰጡኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ረፋዱ ላይ ቢልዱ ወደቀ። አለቃችን ባዶ ኪሳቸውን ዳበሱ። ገጹን ከፈትሁት፤ አረንጓዴው ሁሉ ታጥፎ ቁጭ ብሏል፣ አንዱ ደረጃ ብቻ ቀልቶ ተከፍቷል። የሰርቨሩ ዲስክ ሞልቷል ነው የሚለው። ሥሩ የየኔታ ሐተታ አለ፤ «የሰርቨሩ ሆድ ሞልቷል። አንድም ያረጁ ቢልዶች አልተጠረጉም፤ አንድም ሎጉ ራሱ አብጧል፤ አንድም ሰነፍ ሰው ፊልም አውርዶበታል።» ያረጁትን አየሁ፤ ተጠርገዋል። ሎጉን አየሁ። ወይ ጉድ! ዓርብ የጨመርነው አንድ ሥራ ያችኑ መስመር እየደጋገመ ሲጽፍ አድሮ ዲስኩን ሞልቶታል። አስቆምሁት፣ የጻፈውን ጠረግሁት፣ ቢልዱን እንደገና አስነሣሁት። አለቃችንና እኔ እንደ ፈተና ውጤት ጠባቂ አፋችንን ይዘን ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ አረንጓዴ ሆነ። እስከ መጨረሻው አረንጓዴ! አለቃችን «እልል!» አሉ፤ ካሉ በኋላ ዙሪያቸውን አዩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያለ የኔታ፣ በራሳችን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ! አደራዬንም በልቼ አልተገኘሁም። ነጠላዬን አስተካክዬ ለመሄድ ስነሣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ሳነሣው የድምፅ ማጉያ ጩኸትና ጭብጨባ፣ ከዚያ የሴት ሹክሹክታ።

ሙሽራይቱ ናት። በሚዜዋ ስልክ።

«አልደወልንም!» አልሁ ሳትጠይቀኝ። «በመድኃኔዓለም፣ ማንም አልደወለም!»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ» አለች።

ነጠላዬን እንደያዝሁ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«ከጠዋት ጀምሮ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። ያወጣዋል፣ ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ፎቶ አንሺው ‹ሙሽራው፣ ወደ ሙሽራዋ ይዩ› እያለ ሲለምን ደከመው። ምሳ አልጎረሰም። አክስቶቼ ‹ልጁ ተገዶ ነው እንዴ?› ይባባላሉ። እናቴማ ስልክ የሚጠብቀው ከሌላ ሴት ነው ብላ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።» ያ የመምህር ድምፅዋ ቀጠነ። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ከእኔ ጋር መሆኑ አላስደሰተውም ይሆን?»

«ኧረ በጭራሽ! እሱ…» አላስጨረሰችኝም።

«እባክሽ እቴ፣ ደውይለት።»

«አደራውስ?»

«አንሥቼልሻለሁ። ደውይ!»

ዘጋችው። አለቃችን ምን እንደሆነ በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ በእጄ ዝም አሰኘኋቸው። ፊቴ ያ የደከምሁበት ገጽ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ደወልሁ። ጥሪው ሳይሰማ ተነሣ።

«ወደቀ?» አለ የኔታ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ! «ወደቀ» አልሁት። «ግራ ገብቶናል።»

«ገጹስ? ያ ሁሉ የሠራሽው?»

ጥርሴን ነከስሁ። «ገጹ ምንም አይረባም» አልሁ፤ በገዛ አፌ።

«ብዬሽ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ከኋላው ጭብጨባው ረገብ ሲል ይሰማኛል። «አንብቢልኝ እስቲ፣ ቀስ ብለሽ።» የጠዋቱን መስመር ፈልጌ አነበብሁለት። ተረጎመልኝ፤ የመጀመሪያውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ ለሠርገኛው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። አለቃችን እኔንና አረንጓዴውን ስክሪን እያፈራረቁ ያያሉ፤ አብዳለች ሳይሉ አልቀሩም። መሃል ላይ አንዲት ሴት «ምን ሆኖ ነው?» ስትል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሙሽራይቱ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አክስቶቿ ሁሉ እንዲሰሟት፣ «መሥሪያ ቤቱ ነው። ያለ እሱ አንዲት ነገር አይሆንላቸውም!» አለች።

«ሆነልሽ?» አለኝ የኔታ።

«ሆነልኝ» አልሁት። «እግዜር ይስጥልን። ያለ አንተ ምን ይውጠን ነበር?»

«በሉ እንግዲህ ደግማችሁ እንዳትደውሉ» አለ፤ አፉ ውስጥ ጉርሻ ነበረበት። «ሚስቴ አትወድም።»

ሚስቴ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።