አልፌው የሄድኩት ደጃፍ

አዳማ ውስጥ ለጂኦግራፊ ተማሪዎች የምርምር ዘዴ አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ጣሪያ ሲግል ግማሾቹ ያንቀላፋሉ፤ አልፈርድባቸውም፤ ስለ ናሙና አመራረጥ ሳወራ እኔን ራሴን እንቅልፍ የሚጥለኝ ቀን አለ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዷ ተማሪ ከኋላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ጥናቴ ውስጥ እናቴን ባስገባትስ? መቂ ቲማቲም ታመርታለች» አለችኝ።

መልሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ተመራማሪ ዘመዱን አይጠይቅም፤ ያዳላል፤ መረጃው ይበላሻል። ግን «ሰኞ እነግርሻለሁ» ብያት ከተማሪዎቹ ቀድሜ ከክፍሉ ወጣሁ።

ያደግኩት መቂ አቅራቢያ ባለችው ዓለም ጤና ከተማ ነው። አባቴ ሽንኩርት አምራች ነበር፤ በፓምፕ ውሃ እየሳበ፣ ችግኙን አንድ በአንድ እየዳሰሰ የሚያሳድግ ሰው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ድንገት መሬቱን ለሌላ ሰው አከራየና ፓምፑን ጓዳ አስገብቶ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፈነው። ለምን እንደሆነ አልነገረንም። እናቴ ጠይቃው እንደሆነም አላውቅም፤ እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ እዚያ ቤት ጠያቂ አልነበረም። እንዲያው ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ወንበር ያወጣና ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ ያያል። እኔም ከኋላው ቆሜ እሱን አያለሁ። ልጠይቀው እፈልግና እፈራለሁ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ርዕስ ምረጡ ተባልን። መስኖ ያለው ገበሬ መሬቱን አከራይቶ ለምን ይቀመጣል የሚል ርዕስ ይዤ ሄድኩ። አማካሪዬ ወደደው። ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። የእሱ እምነት ግልጽ ነበር፦ እውነት ከእኛ ውጭ ቁጭ ያለች ነገር ናት፤ አጥኚው ሳይነካካት ለክቶ መውጣት አለበት። አመንኩት። ከራስ ጣጣ የሚያሳርፍ እምነት ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው ያመንኩት። ከሚጠናው ሕዝብ ራቂ ስለተባልኩም፣ የአባቴ ቤት እያለ መቂ ክፍል ተከራየሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልበለው ይለኛል።

ጥናቱን ከማካሂድበት ከሰፈራችን ቀበሌ የቤቶች ዝርዝር ላይ መነሻውን በዕጣ አወጣሁ፤ ከዚያ በየአምስተኛው ቤት ምልክት አደረግኩ። የአባቴ ስም ወጣ። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄዬ «መሬትዎን ለምን አከራዩ?» የሚል ነበር፤ እዚያ ላይ ስደርስ ሥራ አስመስዬ እጠይቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ለአማካሪዬ ስደውል ግን «አባትሽን? አይሆንም። ቀጣዩን ቤት ውሰጂ» አለኝ። አልተከራከርኩም።

ዝርዝሩን የሰጠኝ የቀበሌ ሠራተኛ ደግሞ ለአባቴ ዕጣው እንደደረሰው አስቀድሞ ነግሮታል።

በማለዳ ስደርስ ጢሙን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ያ ኮት ለሠርግና ለለቅሶ ካልሆነ ከቁም ሳጥን አይወጣም። ከአጠገቡ ሁለተኛ ወንበር አውጥቷል፤ አቧራውን ጠርጎታል። «ሴኒ» አለኝ በኦሮምኛ፣ ደግሞ በአማርኛ «ግቢ»፣ የክብር እንግዳ እንደሚቀበል።

«አባዬ፣ ዛሬ አንተ ጋ አይደለም» አልኩት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ። «ዘመድ አይጠየቅም። ሕጉ ነው።»

«ዕጣው የኔ ነው አሉኝ እኮ።»

«ነበር። ተቀየረ።»

ባዶውን ወንበር አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለ። ቁጣ የለበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በእኛ ሰፈር ሰው አንዱን ደጃፍ አልፎ ጎረቤት ከገባ ተኳርፈዋል ማለት ነው። ወረቀቴን አቅፌ የአባቴን ደጃፍ ስሻገር መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ አዩኝ። በያዝኩት ካርታ ላይ ሁለቱ ቤቶች አንድ ነጥብ ናቸው፤ እኔ ግን እንደዚያን ቀን የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ጎረቤታችን ልጅ ሳለሁ ጸጉሬን ይሠሩኝ የነበሩ ሴት ናቸው። ጥያቄዎቼን ሁሉ ታግሰው መለሱልኝ። በመጨረሻ ሌላ የሚጨምሩት እንዳለ ስጠይቃቸው አጥሩን አሻግረው አዩና «አለኝ» አሉ። «አባትሽን ጠይቂው። ከነጋ ጀምሮ ኮቱን ለብሶ ተቀምጧል።»

ቃል በቃል ጻፍኩት፤ ቃል በቃል ጻፉ ስለተባለ። መረጃውን ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ ደግሞ 99 ሰጠሁት። 99 በእኛ አሠራር ከጥያቄው ጋር የማይገናኝ መልስ ማለት ነው።

የዚያን ቀን ሥራዬን ስጨርስ አባቴ ጋ ተመልሼ ምሳ አብረን በላን። ኮቱን አውልቋል፣ ሁለተኛው ወንበርም ገብቷል። ለፋሲካ ስመጣ እጠይቀዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ጽሑፌ ናሙናው ንጹሕ ነው ተብሎ ተመሰገነ። ፋሲካ መጣ፣ እንግዳ በዛ፤ ገና መጣ፣ እኔ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። በሁለተኛው ክረምት ጥቂት ቀን ታመመና ሞተ።

ይናፍቀኛል። ዝምታው፣ የፓምፑ ናፍጣ ሽታ የማይለቀው እጁ፣ ወንበሩን ሲጎትት የሚሰማው ድምፅ። ያልሰማሁት መልሱማ አንጀቴን ይበላዋል። ሰው ያልሰማውን እንዴት ይናፍቃል አትበሉኝ፤ ይናፍቃል። እውነት ጠያቂ ኖረም አልኖረም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች ብዬ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ገጹን ቶሎ ገልጬ አልፋለሁ።

ተማሪዋ ከጠየቀችኝ በኋላ የድሮ መጠይቆቼን ካርቶን አውርጄ የጎረቤታችን መልስ ያለበትን ወረቀት አገኘሁት። ቅዳሜ ሞጆ ላይ መኪና ቀይሬ ዓለም ጤና ሄድኩ። የአባቴ በረንዳ ላይ የማላውቃቸው ልጆች ልብስ ታጥቦ ተሰጥቷል። ጎረቤታችን አርጅተዋል፣ ግን አልረሱኝም። ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኳቸው።

«አባቴ መሬቱን ለምን ነበር የተወው?»

«እኔ በምን አውቄ ልጄ» አሉኝ። «ስንቴ ጠየቅነው። ‹ልጄ ስትጠይቀኝ ለእሷ እነግራታለሁ› ይለን ነበር።»

እሳቸው ጋ ብዙ አለቀስኩ።

እስከ ሰኞ አልቆየሁም። ከመናኸሪያው ለተማሪዬ ደወልኩላትና እናትሽን አስገቢያት አልኳት።

«ቲቸር፣ ያዳላል ብለው ጥናቴን ይጥሉብኛል እኮ» አለችኝ።

«ያዳላ» አልኳት። «ወንበር አውጥታ ከጠበቀችሽ ተቀመጪ።»