የዳቦ ቤቱ ግድግዳ

የልብስ ማድረቂያው ዞሮ ጨርሶ በሩን ስከፍተው ፊቴን የሚመታኝ ሞቅ ያለ የጥጥና የሳሙና ጠረን ሁልጊዜ የሚያስታውሰኝ ዳቦ ነው። ይህን ስነግራት ባለቤቴ አፍንጫዬን ሐኪም እንዲያየው ትመክረኛለች። ማሽኑን የገዛነው ባለፈው ክረምት ነው፤ ልደታ ያለችው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ጠባብ ስለሆነች የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቶ በመጨረሻ ከኩሽናው በር ኋላ ወሸቅነው፣ ስለዚህ ፍሪጁን ለመክፈት መጀመሪያ በሩን መዝጋት፣ በሩን ለመዝጋት ደግሞ ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ ያስፈልጋል። ጓደኞቼ ፀሐይ በነፃ በምትወጣበት አገር ልብስ በመብራት ማድረቅ ቅብጠት ነው ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ሁሉ በሐምሌ ብርድ ልብስ አጥበው የማያውቁ ወንዶች ናቸው። እኔ ያደግሁት ልብስ ማድረቂያ ውስጥ ነው።

ጌጃ ሰፈር የነበረችው የቀበሌ ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ የኋላ ግድግዳዋ የዳቦ ቤቱ ምድጃ የተሠራበት ግድግዳ ስለነበር ቀን ከሌት ይሞቅ ነበር። በበጋ ይህ እርግማን ነበር። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አባቴ ሸሚዙን አውልቆ፣ በጋዜጣ ፊቱን እያራገበ፣ ዳቦን የፈለሰፈውን ሰው ሲረግም ያመሽ ነበር። እናቴ ልብሳችንን ከጎረቤቶቿ ጋር ተራ ይዛ ግቢው ገመድ ላይ ታሰጣ ስለነበር ግድግዳውን ለደግ ነገር የሚፈልገው አልነበረም።

ክረምት ሲገባ ግን የግቢው ገመድ ከማንጠባጠብ ሌላ ሥራ አይኖረውም፤ ያኔ ሰፈርተኛው ሳፋውን በላስቲክ እየሸፈነ ወደኛ ቤት ይመጣ ነበር። እናቴ ከምስማር ምስማር ገመድ ወጥራ የሁሉንም ታሰጣ ነበር፣ እኛም ጎንበስ ብለን እንገባ፣ ጎንበስ ብለን እንበላ፣ በሰው አንሶላ ሥር እንተኛ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራቸው አንድ የቀበሌ ሹም ነበሩ፤ ጉልበቱ ላይ የተጣፈው ረጅም ሙታንታቸው ከራስጌዬ ሲወዛወዝ ካደረ በኋላ ግን ሥልጣን የሚባል ነገር አስፈርቶኝ አያውቅም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፣ ከዚያ የተሻለ የፖለቲካ ትምህርት አላገኘሁም።

አባቴ በየምሽቱ ካፖርቱን የሚሰቅልበት እያጣ «ይሄ ቤት ነው ወይስ ላውንደሪ?» ይል ነበር። የእናቴ መልስም አንድ ነበር።

«ግድግዳው ነው የኛ፤ ሙቀቱ የሰው ነው።»

አንድ ሐምሌ ዘሀራ ወለደች። ከወሎ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት፣ ባሏ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ፣ ከግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል የምትኖር ልጅ እግር ሴት ነበረች። ሕፃኗ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ በጣም ትንሽ ስለነበረች ከሐኪም ቤት ሲሸኟቸው ብርድ እንዳያገኛት፣ እርጥብ ጨርቅም እንዳይነካት አጥብቀው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። የዘሀራ ጣሪያ ግን በሦስት በኩል ያፈስ ነበር፤ የሕፃኗ ጨርቅ ታጥቦ አይደርቅም፣ ከሰል እንዳያነዱ ደግሞ ጭሱ ለልጅቷ ከብርዱ የባሰ ነው።

እናቴ በዚያው ዕለት ገመዱን በሙሉ አራገፈችው። የሰውን ልብስ እንደረጠበ አጣጥፋ ለየባለቤቱ መለሰች፣ አራሷንና ልጇን ወደኛ ቤት አምጥታ የኔን መኝታ ግድግዳው ሥር ሰጠቻቸው፣ እኔም በሩ ሥር ካለው ነፋስ ጋር ተጋባሁ። ያኮረፈ ብዙ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን እርጥብ ጋቢዋን ታቅፋ በደጃችን ስታልፍ፣ እንድንሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ግድግዳም ያኮራል ለካ» አለች። ገመዱ ላይ ግን ትንንሾቹ ጨርቆች ብቻ ተሰልፈው፣ እየደረቁ፣ እየወረዱ፣ ሌላ እየተተካ ሰነበተ።

ከዚያ አንድ ጧት ግድግዳው ቀዘቀዘ። ለዳቦ ቤቱ የሚመጣው ዱቄት ሳይመጣ ቀርቶ ምድጃው ጠፍቶ ነበር። እናቴ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆመች፣ ነጠላዋን ደርባም በዝናብ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ይመር ባዶው ምድጃቸው አጠገብ ኩርሲ ላይ ተቀምጠው ነበር። ምድጃውን እንዲያነዱላት ስትለምናቸው በመገረም አዩዋት።

«ዱቄት የለኝም እኮ ብርቄ። ምን ልጋግር?»

«ጨርቅ» አለቻቸው።

ሊስቁ አሉና ፊቷን አይተው ተዉት። ለባዶ ምድጃ የሚሆን እንጨት ግን እንደሌላቸው ነገሯት። እንጨቱ ይመጣል አለቻቸው፤ ከየት እንደሚመጣ እሷም አታውቅም ነበር።

መጣ። ማን ለማን እንደነገረ አላውቅም፣ እግሩ የተሰበረ በርጩማ መጣ፣ ከአጥር የተነቀለ ጣውላ መጣ፣ ባለጋቢዋም ጎረቤታችን የአልጋ ቋሚ ተሸክማ መጥታ ማንንም ሳታይ ጥላ ሄደች። አባቴ አልጋው ሥር ለዓመታት የከመራቸው ጋዜጦች ነበሩት፤ እናቴ እንኳ ልትጠርጋቸው አትደፍርም ነበር። እነሱን ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ፣ ራሱ እየረጠበ ወስዶ ለጋሽ ይመር ማቀጣጠያ ሰጣቸው።

«ይሄ ወረቀት ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሯል፤ ዛሬ እንኳ ይሥራ» አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ቤት ውስጥ ቆመን ግድግዳውን እናይ ነበር። ዘሀራ ጉንጯን ለጠፍ አድርጋበት ቆየችና «ሞቀ» አለች። እናቴ ጨርቆቹን ማስጣት ጀመረች።

ዱቄቱ እስኪመጣ ድረስ ምድጃው በሰፈሩ ስብርባሪ ነደደ። መስከረም ጠብቶ ገመዱ ወደ ግቢው ሲመለስ ሕፃኗ፣ ስሟ ሀያት ነው፣ በእናቷ ጭን ላይ ሆና ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ስታገኘኝ በግድግዳው ሥር የወሰደችብኝን መኝታ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ልደታ ውስጥ ዛሬ ያን የሚያህል ቦታ ብታገኝ ለራሷ እንደምታስቀረው ትነግረኛለች።

ሰፈሩ ፈርሷል፣ ግድግዳውም አብሮ ሄዷል። እንደ እኩዮቼ ለጭቃና ለሚያፈስ ጣሪያ ግጥም የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ይህን ማሽን አግኝታ ቢሆን ኖሮ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስማው ትገባ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አያለሁ። ያኔ ሙቀቱ የኛ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ሳፋ ይዞ መምጣት ማንንም አያሳፍርም ነበር። የዛሬው ሙቀት ሂሳቡ በስሜ ይመጣል፣ ስለዚህ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። በዚህ ሐምሌ እዚሁ ፎቃችን ላይ የምትኖር ወጣት ጎረቤታችን ወልዳ፣ የሕፃን ልብስ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ለወንበር ተሰጥቶ አየሁና አንኳኩቼ ማሽኑን እንድትጠቀም ጠየቅኋት። በሩን ገርበብ አድርጋ አመሰገነችኝ።

«አይ፣ እርስዎን አናስቸግርም» አለችኝ።

«ማሽኑ ነው የኔ» አልኳት፤ «ሙቀቱ የሰው ነው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ የገባት አይመስለኝም፣ ግን ሳቀች፤ ጥቂት ቆይታም ሳፋዋን ይዛ መጣች። ማሽኑ የሷን ልጅ ልብስ ይዞ ሲዞር ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ ከበሩ ኋላ ገባሁና መዳፌን ጎኑ ላይ አሳረፍኩ። ሞቋል። ዳቦው ብቻ ነው የቀረው።