የአንድ ሰው ቤት

የሥራ ባልደረቦቿ «ማስመሪያ» ይሏት ነበር፤ ያለ ማስመሪያ በእጇ የምታሰምረው መስመር ንቅንቅ አይልማ። ዕድሜዋን የፈጀችው በፕላን ቢሮ፣ ነዳፊው በእርሳስ የሠራውን ቤት በቀለም እየገለበጠች ነው። ነዳፊው መጀመሪያ አለቃዋ፣ ኋላ ባሏ ሆነ። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል እንጂ እሷ ወሬ አትጠግብም፣ እሱ ደግሞ ከቃል ይልቅ እርሳስ ይቀናዋል። ተጣልተው ሊታረቃት ሲፈልግ እንኳ ሥዕል ሠርቶ ትራሷ ላይ ያኖር ነበር እንጂ ይቅርታ አይወጣውም።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነዳፊው ፕላኑን እርግፍ አድርጎ ትቶ የገጠር ሥዕል ጀመረ። ጭጋግ የለበሰ ተራራ፣ ጎንበስ ያለ ዛፍ፣ ሰው የማይታይበት መንገድ። «በስተርጅና ፍቅር ያዘህ እንዴ?» እያለች ታሾፍበት ነበር። ሰሞኑን ግን በር ዘግቶ መሳል፣ ስትገባ ወረቀቱን መገልበጥ አመጣ። እራት ላይ ምን ሆነሃል ስትለው ምንም ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲወጣ ገብታ ወረቀቱን ገለበጠችው። ሐይቅ ዳር፣ ጭጋጉ መሐል፣ አንዲት ትንሽ ቤት። ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ያምራል ብሎ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ቤትን ከውጭ አይቶ ውስጡን ማወቅ ሥራዋ ነበርና ዓይኗ ግድግዳውን ለካ። አንዱ መስኮት የመኝታ፣ ጠባቡ የማዕድ ቤት፤ በረንዳው ከአንድ ወንበር በላይ አይዝም። ሁለት ሰው አይኖርበትም። ያ ዝምታው ሁሉ ለካ ለዚህ ነው፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብላ ደመደመች። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

ነዳፊው ሲመለስ እዚያው አገኛት፤ ኮፍያውን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ላይ ቀረ።

«ይሄ ቤት የአንድ ሰው ነው» አለችው።

«አዎ።»

«ልትሄድ ነው?»

ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዞር ጀመር። ንዴቷ ገነፈለ።

«ተናገር እንጂ። ሚስትህ ነኝ፣ ግድግዳ አይደለሁም።»

ቀስ ብሎ መጣና ጣቱን በሥዕሉ ላይ፣ በሩ ሥር አኖረው። «ደረጃ አላደረግኩበትም» አለ። እውነትም ከመንገዱ እስከ በሩ ልሙጥ ነው። በጎኑም ዝቅ ያለ የእጅ መደገፊያ ተሰምሯል፤ ለረጅሙ ነዳፊ ሳይሆን ለእሷ ቁመት የሚሆን። ንዴት ጋርዷት አላየችውም።

«የዚህን ፎቅ ደረጃ ስትወጪ ጉልበትሽ እንዴት እንደሚያደርግሽ አያለሁ» አላት። «የምትወጪው እኔ ደግፌሽ ነው። ብቻሽን አትችዪውም።»

ማስመሪያ መደገፊያውን ደጋግማ አየችው። ቤቱ የእሷ ነው፤ እሱ የለበትም። ባለፈው ሐኪም ቤት ደርሶ ሲመጣ ለመነጽር ነው ብሏት፣ እሷም አምናው ነበር። ፈራች፤ ጥሎኝ ሊሄድ ነው ብላ ከፈራችው ይበልጥ አሁን ፈራች። እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አለችው።